ሁለት ስንታየሁ

ባሻ ይርዳው የተናገሩትን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ጎረቤታቸው ስለ ነበረ ውሸት አያወራም ብዬ አምናለሁ። እኔም አልጨመርሁበትም፤ የጎደለ ካለ የእኔ መርሳት ነው።

ባሻ በየጁ ቆላ ከወንዝ ማዶ የማሽላ ማሳ ነበራቸው። ማሽላው ሲያሸት ዝንጀሮ ይወርድበታል። ወንዙን መሻገር ጉልበታቸው እንቢ ስላለ፣ ከወዲህ ሆነው ማማ ላይ ይጠብቁና ዝንጀሮ ሲያዩ ጎረቤት ይጠራሉ። ዓይናቸውም ሲደክም ፍየል ሸጡና ወልድያ ከስንታየሁ ሱቅ የጦር ሜዳ መነጽር ገዙ። ነጋዴው «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጣቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ መነጽሩን አይተው፣ «ባሻ፣ ማዕረጉን እንጂ ጦር ሜዳውን አላየንብዎትም። አሁን በስተርጅና የጦር ሜዳ መነጽር ምን ያደርግልዎታል?» አሏቸው።

«ያን ጊዜ ያልሄድሁት እኮ የምሸሽበትን መንገድ የሚያሳየኝ መነጽር አጥቼ ነው» አሉ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባሻ ከማማው ላይ «አርባ ዝንጀሮ መጣ፣ ድረሱ!» ብለው ጮኹ። የመንደሩ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ ቢደርስ ያገኘው ሃያ ነው። የመነጽሩ ሁለት ዓይኖች ተዛንፈው አንዱን ሁለት አድርገው ያሳዩ ኖሯል። ጎረቤቶቹ እየሳቁ «ባሻ፣ ለመሆኑ ስንት ነው ያዩት?» ቢሏቸው፣

«ሻጩ ስንታየሁ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ገዥውም ስንታየሁ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ግን ባሻ ሲጮኹ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ማሽላውም በየቀኑ ይጎድል ጀመር። ቢጨንቃቸው መነጽሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወልድያ ወጡ።

ስንታየሁ በመነጽሩ አየት አደረገና «ይሄ ደኅና ነው። ያረጀው የእርስዎ ዓይን ነው» አላቸው።

«ማርጀቱንማ አውቃለሁ፤ ደኅና ዓይን ቢኖረኝ ከአንተ ሱቅ እገዛ ነበር?»

ነጋዴው አፈረና ነገሩን አዞረው። «ጥለውት ይሆናል እንግዲህ። የወደቀ ዕቃ ዋስትና የለውም።»

«ከእሱ ይልቅ እኔ ስንቴ ወድቄያለሁ። ከጠጅ ቤት ስመለስ ካልሆነ በቀር አንዱን ሁለት አድርጌ አይቼ አላውቅም።»

«እሺ፣ የዋስትናው ወረቀት የታል?»

ባሻ ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡት። ጤዛ አርሶታል፤ ዳር ዳሩ ተቀዷል።

«ኧረ ባሻ! ምን አደረጉት?»

«ዋስ ነው ብትለኝ ማሳውን ይጠብቅልኝ ብዬ እንጨት ላይ አሰቀልሁት። ዝንጀሮዎቹ ግን እንደ እኔው ማንበብ አይችሉም።»

ስንታየሁ አልለውጥም ስላለ ዳኛ ፊት ቀረቡ። ወረቀቱ ቢቀደድም ማኅተሙ ይታይ ነበር። ነጋዴው ግን «መነጽሩ ደኅና ነው፤ የሚያሳየው ያለውን ነው» ብሎ ማለ። ዳኛው አሰቡና «እንግዲያው ነገሩ እስኪጣራ ዋስ ጥራ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ዘመድ የለኝም። ዋስ እስካገኝ የአንድ ወር ቀጠሮ ይስጡኝ» አለ።

ዳኛው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሻ በጣታቸው ቆጠሩ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከማሽላው የሚተርፈው አገዳው ብቻ ነው። ተነሡና መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው ለዳኛው ሰጡ።

«ጌታዬ፣ ቀጠሮ ምን ያደርጋል? መነጽሩ ያለውን የሚያሳይ ከሆነ በዚህ ይዩት፤ ሁለት ስንታየሁ ነው ያለው። አንዱ ዋስ ሆኖ እዚህ ይቀመጥ፤ አንዱ ሄዶ ደኅና መነጽር ያምጣልኝ!»