መብረቁ የገባበት የመንሸራተቻ ሜዳ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉት፤ የምነግራችሁ የመኪና ነገር ነው፣ ደግሞም ደስ የሚል አይደለም። ዝም ብላችሁ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ መኪናና አውሬ በአንድ ቋንቋ ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ዘገየ የሚባል አንድ አሮጌ ታክሲ ነበር። ሞተሩ ትንሽ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ፣ ዳገት ላይ አህያ የሚቀድመው። መንገድ ላይ ሁሉም «ዞር በል!» ይለዋል። እሱም ዞር ይላል። ምን ያድርግ?

ማንም ዞር በል የማይለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የመንሸራተቻው ሜዳ። የዛሬ ልጆች ድሪፍት የሚሉት ጨዋታ ነው። መኪናው ይመጣ ይመጣና ኋላውን ወርውሮ፣ በጎኑ እየተንሸራተተ ይታጠፋል። በዚያ ሜዳ ወግ አንደኛ የሚባለው ቀድሞ የደረሰው አይደለም። የኖራውን መስመር ሳይነካ፣ እስክስታ እንደሚወርድ ሰው አምሮበት የታጠፈው ነው። ዘገየ ይህን ሲያደርግ፣ አቤት! ወፍ እንኳ ቆሞ ያየው ነበር።

ወጉ ክፉ ጎንም ነበረው። በዓመቱ ውድድር ሦስት ቀን የተሸነፈ ከሜዳው ይባረራል። ሜዳ ያጣ አሮጌ መኪና ደግሞ መሄጃው አያ ጅቦ ግቢ ነው። አያ ጅቦ መካኒክ ነው። የሚጠገነውን ይጠግናል፣ የማይጠገነውን ይበላል።

አንድ ዓመት መብረቁ የሚባል የስፖርት መኪና መጣ። ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ሲያጓራ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ጤና ይስጥልኝም ሳይል «የአራት መቶ ፈረስ ጉልበት አለኝ፤ አስገቡኝ» አለ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባ ጭነት የሚባለው የጭነት መኪና ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጄ፣ ጉልበት ለዳገት ነው፤ እዚህ የምንወዳደረው በብልሃት ነው። አንተ አገር ምድሩ መንገድህ ነው። እነዚህ ትንንሾች ግን ያለቻቸው ይህቺ ሜዳ ብቻ ናት። ተዋቸው» አለ።

ዳኛዋ እመት ጦጢት ከዛፏ ላይ ሆና «ኧረ አባ ጭነት! ተመልካቹ እያዛጋ ነው እኮ። ትንሽ ጩኸት ቢገባ ምን ይጎዳል?» አለች።

ዘገየ «ይጎዳል» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ፈራ፤ መልሶ ዘጋው። የተበላው እዚያ ላይ ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በመጀመሪያው ቀን መብረቁ አጓራ፣ ተወረወረ፣ እንደ እንዝርት ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ ቆመ። መስመሩን ደምስሶታል። ጭሱ ግን! ተመልካቹ በፉጨት አበደ። ቀጥሎ ዘገየ ገባና መስመሩን ሳይነካ፣ በጣት ስፋት ብቻ ርቆት፣ ውብ አድርጎ ታጠፈ። ሁለት ፍየሎች አጨበጨቡለት።

«መብረቁ አሸነፈ!» አለች ጦጢት።

«እመት ጦጢት፣ መስመሩን ነክቷል እኮ!» አለ ዘገየ።

«ነክቷል። ግን አነካኩን አየኸው?»

በሁለተኛው ቀን መብረቁ መስመሩን አልፎ አጥሩን ሰብሮ ወጣ።

«እመት ጦጢት፣ ከሜዳው ወጥቷል እኮ!»

«እሱ አልወጣም፤ ሜዳው ነው የጠበበው» አለችና መስመሩን ሠላሳ እርምጃ ወደ ውጭ አስወጣችው። በሰፋው ሜዳ የዘገየ ትንሽ ሞተር መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ አለቀ። መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ከዚያም አንዱ «ዞር በል!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ሲባል የመጀመሪያው ነው። ልቡ ስብር አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘገየ በገዛ እግሩ አያ ጅቦ ግቢ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ትልቅ ሞተር ግጠምልኝ።»

«ሞተሩስ ሞልቷል» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ገላህ ይችለዋል ወይ?»

አብራው ያረጀችው የኋላ ጎማው «ዘገየ፣ ወንድሜ፣ ተው» አለችው። «ጥርሴ አልቋል። ያንተን ጉልበት ለምጄዋለሁ፤ ይኼኛውን ግን አልችለውም። እፈነዳለሁ።»

«ብተወውስ ምን ይቀረኛል? ዛሬ ከተሸነፍኩ የምመለሰው እዚሁ ግቢ ነው፤ ለመበላት።»

«እንግዲያስ እሺ» አለች። ምን ትበል? ያለ እሷ አይሄድ፣ ያለ እሱ አትዞር።

ዘገየ እንደ መብረቁ እያጓራ ገባ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጭሱ ሰማይ ነካ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ብልሃቱ ጠፋበት፤ ሞተሩ እንዳሻው ይዞት ሄደ። ጎማዋ «ወንድሜ!» ብላ ሳትጨርስ ፈነዳች። ዘገየ ሦስት ጊዜ ተገለባብጦ ከሜዳው ጥግ ያለው ገደል ውስጥ ገባ።

እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦለት አያውቅም። ገደሉ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ሰማው። ጦጢት «ጨዋታ ማለት ይኼ ነው!» እያለች ትዘላለች። አባ ጭነት ብቻ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ «ዘገየ! ልጄን! ልጄን!» እያለ አለቀሰ። ወዲያው አያ ጅቦ ገመዱን ይዞ መጣ።

በዓመቱ ትንንሾቹ ሁሉ ትልልቅ ሞተር አስገጠሙ። ሁሉም ተራ በተራ ተጎትተው ጅቦ ግቢ ገቡ። በሦስተኛው ዓመት መብረቁ ብቻውን ቀረ። ብቻውን የሚያጓራ ማን ያያል? ተመልካቹ ተበተነ፣ ጦጢትም ሌላ ዛፍ ፈለገች፣ ሜዳውን አረም በላው። መብረቁም ቆሞ ቆሞ ዛገና አንድ ቀን ተጎትቶ፣ ጅቦ ገና በልቶ ካልጨረሰው ከዘገየ አጠገብ ተጣለ።

«አሸንፈህ ነው የመጣኸው?» አለው ዘገየ።

«አሸንፌ ነው።»

«ማንን?»

አያ ጅቦ ሁለቱንም አየት አየት አደረገና ከቀዩ ጀመረ።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልላችሁም፤ ይዛችሁት ሂዱ። ሜዳውን ለጉልበተኛ ያሰፋ፣ ተጫዋቹን ለጅብ ቀለበ።