አህያ የሰረዘው መልእክት

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች ስልክ ይዘው በቴሌግራም መመካከር በጀመሩበት ዘመን፣ «የፓምፕ ባለሙያዎች» የሚባል ቡድን ነበራቸው። ከአባላቱ ሁሉ ስለ ፓምፕ አብልጦ የሚያውቀው አህያ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ፓምፕ በጀርባው ተሸክሞ ከወንዝ ወንዝ ዞሯል። የሚመሰገነው ግን እሱ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በጨዋታ መካከል ለቀበሮ፣ «ፓምፕ ውኃ አልስብ ሲል መጀመሪያ ራሱን ውኃ አጠጭው» ብሎ ነገራት። እሷ በማግሥቱ የራሷ ግኝት አስመስላ ለጠፈችው፤ አራት መቶ አውራ ጣት ቆመላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እናመሰግናለን፣ እመት ቀበሮ» የሚል ጽሑፍ ባየ ቁጥር የአህያ አንጀት ያርር ነበር።

በበጋው የጋራው ገንዳ ደረቀ። ተረኛው ጠባቂ አያ ጅቦ ጻፈ፦

«ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃ የለም። ግልገሎቹ ምላሳቸውን አውጥተዋል። ኧረ አንድ በሉኝ!»

«ውኃ ሙላበትና አስነሣው፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ።

«አንድ ጣሳ ጨመርኩ። እምቢ አለ።»

የአህያ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት ዓመት የጠበቃት ስህተት! ቆም ብሎ ሳያስብ ጻፈ፦ «የቀበሮን ወሬ ተወው። በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ያለችውን ክብ ላስቲክ ነቅለህ ጣላት፤ ውኃውን የዘጋችው እሷ ናት።»

እንደ ላከው ትዝ አለው። ያቺ ላስቲክ የምትዘጋው ውኃው ወደ ወንዙ ተመልሶ እንዳይወርድ ነው። ያለ እሷ ፓምፑ መቼም አይስብም። «ተሳስቻለሁ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ቀበሮ አንብባው ስትስቅ ታየችው። ቃሉን አጠፋው፤ መልእክቱንም ሰረዘው።

ጅብ ግን አንብቦ ነበር።

«ነቀልኳት፤ ባሰበት!»

«መልሳታ!» አለ አንበሳ።

«ስብ ስብ ሸተተችኝና ዋጥኳት፣ ጌታዬ።»

ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ። «ለመሆኑ ማን ነው ንቀላት ያለህ?» አለ አንበሳ።

«አህያ!»

«እኔ? የት ጻፍኩ? እስቲ አሳያቸው!» አለ አህያ።

ጅብ ፈለገ፣ ፈለገ፤ የለም። አንበሳ ተቆጣ፦ «ገንዳውን አድርቆ በሌላ የሚያላክክ ውሸታም ዛሬውኑ ከመንደራችን ይውጣ!» ጅብ እያለቃቀሰ ዕቃውን ሊሸክፍ ሄደ።

ይኼኔ ቀበሮ ጻፈች፦ «ቆዩ። ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ‹ሙላ› አልኩ እንጂ ‹እስከ አንገቱ› አላልኩም። ደግሞም ይህን ብልሃት ያስተማረኝ አህያ ነው፤ ስሙን ሸሽጌ ስመሰገንበት ኖሬአለሁ። ይቅርታ፣ ወንድሜ። ሌላም የተሳሳተ ካለ አሁን ይናገር።»

አውራ ጣቱ ዘነበላት። አህያ ቆጠረው፤ ስድስት መቶ። ለስርቆቷ አራት መቶ፣ ለይቅርታዋ ስድስት መቶ! ዓይኑ ቀላ።

«አሁን ነው ይቅርታ? አንቺ ሌባ! እኔ በሕይወቴ ተሳስቼ አላውቅም!»

ቀበሮ አንድ ፎቶ ለጠፈች። የሌላውን ቃል መልቀም ልማዷ ነውና፣ የአህያን መልእክት ገና ሳይሰረዝ ከስልኳ ላይ ፎቶ አንስታው ኖሯል።

«በራስህ አፍ እንድትለው ነበር የፈለግሁት» አለችው።

አህያ ስልኩን ጥሎ ወደ ገንዳው ሮጠ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ በጥርሱ ቆረጠ፣ ከቱቦው ጫፍ አሰረ፣ ፓምፑን እስከ አንገቱ ሞልቶ አስነሣው። ውኃው እየተንደቀደቀ መጣ፤ ግልገሎቹ ተሻሙበት። ከእነሱ በቀር ያየው አልነበረም። መንደሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ፎቶውን እየተቀባበለ ይስቅ ነበር።

አህያ ላቡን አራግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቆይቶ ከመባረር የዳነው ጅብ የሞላውን ገንዳ አየና በደስታ ለቡድኑ ጻፈ፦

«ውኃ መጣ! እናመሰግናለን፣ እመት ቀበሮ!»

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱን ስህተት በራሱ አፍ ያልተናገረ፣ የተነጠቀው ክብር በአደባባይ ሲመለስለት እንኳ መቀበል እንደማይችል ነው።