ምልክቷ ያልተጠየቀ በቅሎ

«‹ኮዴ እምቢ አለኝ፣ እርዱኝ› ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? እኔ ጠንቋይ ነኝ?» አለ ያፌት።

«እርዳኝ አልኩህ እንጂ ሳቅብኝ አላልኩህም» አለች ሲፈን። «በሰው ሁሉ ፊት!»

ሁለቱም ፕሮግራሚንግ የሚማሩት በአንድ ማሰልጠኛ ነው። ያፌት ቀድሞ ስለገባ ጀማሪዎች በስልክ የሚጠያየቁበትን ግሩፕ ይመራል። ትናንት ለሲፈን ጥያቄ «ጠበል ውሰጂው» ብሎ መለሰላት፤ ግሩፑም በሳቅ ተጥለቀለቀ። ዛሬ ከሰዓት ሥራዋን ካላሳየች ከስልጠናው ትሰናበታለች።

መምህራቸው ጋሽ ወንዳፍራሽ ጭቅጭቁን ሰምተው ገቡ። ያፌት ፈጥኖ «እርስዎ ይፍረዱ ጋሼ» አለ። «መጠየቅ የማያውቅ ሰው እንዴት ነው የሚረዳው?»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። በቅሎ ነበረችው፤ ሰርግ ቤት ከገባ እሷን ሳያሞግስ አይወጣም። የኋላ እግሯን ማነከስ ስትጀምር ግን ለማንም አልተነፈሰም። አንድ ቀን ገመዷን እየጎተተች ጠፋች። በዚያ አገር ከብት የጠፋበት ሰው ገበያ መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ገበያተኛውም ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። ገበሬውም ወጣና ‹በቅሎዬ ጠፋች! ያያችሁ ወገኖቼ!› አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ማነከሷን ቢናገር ያ ሁሉ ሙገሳ መሳቂያ ሊያደርገው ነው።

«‹እግሯ ስንት ነው?› አለው አንድ ጨው ነጋዴ። ‹ጭራዋስ ከኋላ ነው?› አለ ሌላው። ገበያው አውካካ። ገበሬው አቀርቅሮ ከድንጋዩ ወረደ።

«አንዲት ሸክላ ሻጭ በዚያ ሳቅ መሀል ዝም ብላ ቆማ ነበር። ጠዋት ስትመጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ገመዷን ቁጥቋጦ የያዘባት አንካሳ በቅሎ አይታለች። ‹የዚህ ሰው በቅሎ ግን ስመ ጥር ናት፤ ያቺ የሌላ ሰው ትሆናለች› አለች በልቧ። በማግስቱ የተገኘው የጅብ ትራፊ ነው፤ ገመዱ ቁጥቋጦው ላይ እንደተጠመጠመ። ሸክላ ሻጯ ‹ምነው ማነከሷን ብትነግረን?› ብላ አለቀሰች። ገበሬውም ‹ምነው አንድ ሰው ምልክቷን ቢጠይቀኝ?› አላት።»

መምህሩ ወደ ያፌት ዞሩ።

«ገበሬው አጥፍቷል፤ ምልክቷ ሳይነገር በቅሎ አይፈለግም። ሲፈንም ምን ልትሠራ እንደፈለገች፣ ምን እንደሞከረች፣ ኮምፒውተሩ ምን የሚል ስህተት እንዳወጣላት መጻፍ ነበረባት። ያልጻፈችው አፍራ ነው። አንተ ግን ድንጋዩ ሥር የቆምከው ሰሚ ነህ። ከመሳቅህ በፊት ‹ምን ብሎ ጻፈልሽ?› ብትላት ምን ይጎድልብህ ነበር? የጠፋበት ሰው ልቡ ባዝኗል፤ ምልክቱን የሚያስታውሰው ሲጠየቅ ነው።»

ያፌት አንገቱን ደፋ። ያ ቀልድ ትናንት እንዴት እንዳስደሰተው ትዝ አለው። ቀስ ብሎ ወደ ሲፈን ተጠጋ።

«ሲፉ» አለ፤ «ምን ብሎ ነበር የጻፈልሽ?»

እሷም የማሰልጠኛውን ላፕቶፕ ወደ እሱ አዞረችለት። ያፌት ሥራዋን ፈለገ፤ የለም። ከተሳቀባት በኋላ አንድም መስመር ሳታስቀር ሁሉንም አጥፍታዋለች።

ቀና ሲል ሲፈን ቦርሳዋን አንግታ ከበሩ ወጥታ ነበር።