የእንዳላማው ሆድና የሩፋኤል ጽዋ

በአንድ ወቅት፣ እግዜር ልጅ ሰጥቷቸው ጤና የነሳቸው እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሆዳቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። መጀመሪያ አንጀታቸው ተጠማዝዞ፣ ኋላም ያው የዳነው አንጀት ውስጥ ለውስጥ ተጣብቆ አላሳልፍ ብሎ። ለሦስተኛ ጊዜ ሆዳቸው ተነፍቶ ማስመለስ ሲጀምሩ፣ «ቢከፍቱኝ መልሶ ይጣበቃል፤ ባይከፍቱኝ እሞታለሁ። አሁንስ በቃኝ» ብለው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ።

ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። በኩሩ ምንይችል ገበሬ ነው፤ አባቱን የሚጦር እሱ ነው። ተከታዩ አስናቀው በከተማው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዶክተር ነው። የመጨረሻው ምትኩ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የአባቱን ደጅ ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል።

ምንይችል ክፉ ሰው አልነበረም። ጾሙን ይጾማል፣ ኪዳን ያደርሳል። ብቻ የአስናቀው ስም ሲነሳ ወሬ ይለውጣል። ወንድሙን ያስተማረው እሱ ነው፣ በሬ ጠምዶ። አገሩ ግን ሽማግሌውን «የዶክተሩ አባት» ይላቸዋል እንጂ «የምንይችል አባት» ያላቸው የለም። አንድ ተስፋ ነበረችው። አባቱ የሩፋኤል ማኅበርተኛ ናቸው። የማኅበር ቦታ ከአባት ለአንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ለሁለት አይከፈልም። ጽዋውን የተቀበለ በአባቱ ቦታ ይቀመጣል። ያቺን ጽዋ ምንይችል ከርስት አስበልጦ ይመኛት ነበር።

ምንይችልና ጎረቤቶቹ ግን ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው አስናቀው ያለበት ሆስፒታል አደረሷቸው። ክረምት ነው፤ የአዲስ አበባው መንገድ ናዳ ወርዶበት ተዘግቷል።

«የገዛ አባትህን ልትቀድ ነው?» አለ ምንይችል።

«ማን አለ ሌላ?» አለ አስናቀው። «በአፍንጫው ቱቦ፣ በክንዱ ግሉኮስ አድርጌ ትንሽ ላቆየው እችላለሁ። ካልለቀቀው መክፈቴ ነው። እኔን ያስፈራኝ መክፈቱ አይደለም ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቁስል ሲድን የነካውን ይይዛል፤ አንጀት ከአንጀት፣ አንጀት ከሆድ ግድግዳ። በመካከል የሚነጠፍ እንደ በግ ሞራ የሳሳ ሽፋን አለ። ቁስሉ እስኪጠግ ያለያያቸውና ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። እሱ ደግሞ እዚህ የለንም።»

ምትኩ አዲስ አበባ ነበርና ተደወለለት። «የዕቃውን ስም ላክልኝ» አለ።

ምትኩ ዕቃውን ፈልጎ አገኘና መኪናው ላይ ከጫነው ቲማቲም ጋር ይዞት ወጣ። ናዳው ጋ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሽፋኑን ደግሞ ውሃ ከነካው ከንቱ ነው ተብሏል። ምትኩ መኪናውን ከነጭነቱ ጥሎ፣ የዝናብ ልብሱን ከገላው አውልቆ ካርቶኑን ጠቀለለበትና በራሱ ላይ ተሸክሞ ጭቃውን ገባበት። «ቄስ ምትኩ! የማን ታቦት ነው?» እያሉ ሾፌሮቹ ሳቁበት። «የአባቴ ነው፤ አሳልፉኝ!» አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ካርቶኑ ግን ደረቅ ነው። ቲማቲሙ እዚያው በሰበሰ፣ ባለ መኪናውም አባረረው።

የሽማግሌው ሆድ አልለቅ ስላለ አስናቀው አማትቦ ገባ። በጓንት ላይ ያለች ዱቄት ሆድ ውስጥ ከቀረች ታጣብቃለች ብሎ ጓንቱን በደንብ አጠበ። የተያያዘውን አንጀት አልጎተተም፤ ክር ከክር እንደሚፈታ ሰው ቀስ እያለ ለያየው። በደረቅ ፋሻ አልፈተገውም፤ ለብ ባለ ጨው ውሃ እያራሰ ቆየ። በመጨረሻ ወንድሙ ያመጣውን ሽፋን አነጠፈና ሆዳቸውን ሰፋ። አባቱ እጁ ላይ ቢሞቱበት አገር ምን እንደሚለው ያውቃል፦ አባቱን በቢላ የገደለ። እያወቀ ነው የገባ።

አስናቀው ሲወጣ፣ «ነገ አስነሱት፣ ይራመድ። ሰው ሲተኛ አንጀቱም ይተኛል» ብሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ማን ይድፈር? በዚያ አገር ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው እንደ አራስ ነው። ጋቢ ይደራረብበታል፣ መስኮት ይዘጋበታል፣ እግሩ መሬት አይነካም። እንዳላማውም በፊት ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ነበር የተኙት። ሲነጋ የሽማግሌው እህት እትዬ ማንጠግቦሽ አልጋው ፊት ቆሙና «ሬሳ ልታስኬዱ ነው?» አሉ።

ምንይችል ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ጠያቂው ሁሉ «ዶክተሩ እንዴት ያለ እጅ ነው! ሾፌሩ እንዴት ያለ ወንድ ነው!» ይላል። ወደ እሱ ዞሮ የተናገረ የለም። ድንገት ብድግ ብሎ አክስቱን ገለል አደረገና አባቱን በትከሻው ደግፎ አቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ገዳዬ ነህ! አይባርክህ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

«እሺ አባዬ፣ ገዳይህ ነኝ። አሁን ግራ እግርህን።»

እርግማኑን እየሰማ፣ ላቡ እየወረደ አራመዳቸው። በማግስቱም፣ ቤት ከገቡም በኋላ አልተዋቸውም። መንደሩ «አባቱን ጠምዶ የሚያርስ» ብሎ ስም አወጣለት።

ክረምቱ ወጣ፣ ዓመቱ ዞረ። እንዳላማው በሉ፣ ጠጡ፤ ሆዳቸው ዝም አለ። ሰዎች አስናቀውን «ከሦስቱ የትኛው ነው ያዳናቸው?» አሉት።

«አላውቅም» አለ። «መራመዱ አንጀት ይቀሰቅሳል፤ መጣበቁን ይከልክል አይከልክል ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«የእኔን ብቻ አሳነስካት!» አለ ምንይችል።

«ጋሼ ሙት፣ የራሴንም አላውቅም። ሽፋን ተነጥፎለት የተጣበቀ አለ፤ ሳይነጠፍለት የዳነም አለ። አንዱ ቢቀር ምን እንደሚሆን አንድዬ ነው የሚያውቀው።»

ሩፋኤል በእንዳላማው ቤት ሲውል ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ሽማግሌው «ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዛሬ ልጅ እተካለሁ» ብለው ጽዋውን አነሱ። ሦስቱም ተነሡ።

«እኔ እንጀራዬን ጭቃ ውስጥ ጥዬ መጣሁልህ» አለ ምትኩ።

«እውነት ነው። አልጋ ላይ እስክወድቅ ግን አልመጣህም» አሉ አባትየው።

«እኔ ስሜንም ነፍሴንም አስይዤ ከፈትኩህ» አለ አስናቀው።

«እውነት ነው። ግን ለባዳውም ቢሆን እጅህ ያው ነበር።»

ምንይችል ወደ ፊት ራመድ አለ። «እኔ እርግማንህን ጠጥቼ አስነሳሁህ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «እውነት ነው ልጄ። ስታስነሳኝ ግን ዓይንህ ወንድሞችህን ያይ ነበር እንጂ እኔን አያይም።»

ምንይችል መሬት መሬት አየ። ሐሰት ነው እንዳይል እውነት ነው። ግን ቅናትስ ቢሆን፣ አባቱን የተሸከመ የእሱ ትከሻ አይደለም? በቅናት የተሠራ በጎ ሥራ እግዜር ዘንድ አይቆጠርም?

ማኅበርተኛው ለአቡነ ዘበሰማያት ቆመ። አሜን ሲባል ጽዋዋ ከአባት እጅ መውጣት አለባት። የሦስቱም እጅ ተዘርግቷል።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ እኔ አቃተኝ። ኑሮውን ጥሎ ለመጣው ነው? ስሙን አስይዞ ለከፈተው ነው? ወይስ እየቀናም ቢሆን ተረግሞ ላስነሳው? ጽዋዋ ለማን ትገባለች?