ስልኩ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ዕለት

ወረታ ውስጥ ሽማግሌ ሊላክ ሲል ሰው ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። አሁን አሁን ሁሉም ስለሚላት ከቅድመ አያት የመጣች ትመስላለች። የምን ቅድመ አያት! እንድትባል ሰበብ የሆነው ሰውዬ ገና ጢሙ በቅጡ አልወጣም፣ መናኸሪያው ጋ ባጃጅ ይነዳል፣ ይበልጣል ይባላል።

ነገሩ የሆነው ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት በስልክ ከተማው የገባ ሰሞን ነው። ስሙ ለሻይ ቤት ወሬ ስለረዘመ ሰው «አዋቂው» አለው። አዋቂው ደግሞ ሥራ አይንቅም። የሩዝ ገበሬው የታመመ ቅጠል ፎቶ አንስቶ ሲያሳየው መድኃኒቱን ይነግረዋል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረው ሰውዬ ሥራው ቢቀዘቅዝበት ጠረጴዛውን ሳያነሣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ትምህርት ቤት ከሆነ ተማሪው የቤት ሥራውን ያሠራዋል፣ መምህሩ ያንኑ መልሶ ያሳርመዋል፣ ከዚያ ሁለቱም እንዳላወቀ ይተያያሉ።

ይበልጣል ስምንተኛ ክፍልን ከመውደዱ ብዛት ሁለት ዓመት የተቀመጠበት ልጅ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አብልጦ የወደደው አስረበብን ብቻ ነው፣ የባለ ወፍጮውን የጋሽ እንዳላማውን ልጅ። እሷም ትወደዋለች። በሳምንት ሦስት ቀን ባጃጁ ሌላ ቦታ ሳይሆን ወፍጮው በር ላይ ሲበላሽ ያየ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ከአባትየው በቀር።

ችግሩ የባሕር ዳር ባለ ሱቅ እሷኑ ፈልጎ ኖሯል፤ ሽማግሌዎቹም ቀጠሮ ይዘዋል። ጋሽ እንዳላማው ደግሞ አንዴ ቃል ከሰጡ አለቀ፣ ከአፋቸው የወጣ አይመለስም። ስለዚህ ለይበልጣል የቀረችው አንዲት እሁድ ብቻ ነበረች።

በዚያ አገር ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ይሄዳል። ደጅ ይቆማል። ግቡ ቢሉት፣ ተቀመጡ ቢሉት፣ የመጣበትን ሳይናገርና ደህና ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። ተናጋሪው ሁልጊዜ አያ ፈንታሁን ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ካሉት ባልና ሚስቶች ግማሹን ያጋቡት እሳቸው ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። ግን አፋቸው መዝጊያ የለውም። ባለፈው ዓመት አንዱን ሙሽራ ሲያሞግሱ፣ በልጅነቱ ከቄሱ ቀፎ ማር ሲሰርቅ በንብ ተነድፎ ፊቱ ድፎ ዳቦ ማከሉን ተረኩ። የይበልጣልን ደግሞ ከዚያ የባሰ ያውቃሉ። በልጅነቱ የጋሽ እንዳላማውን አህያ የጠላ አተላ አጠጥቶ አስክሮ ነበር፤ አህያው ከነጭነቱ ቀበሌ ስብሰባ መሀል ገብቶ የተኛ ዕለት ማን እንዳሰከረው ጋሽ እንዳላማው እስከዛሬ አላወቁም።

ይበልጣል ይሄን ሲያስብ ላብ ላብ አለውና አያ ፈንታሁን ቤት ሄደ። እርስዎ ዘንድሮ አይልፉ፣ ጉልበትዎንም ያመዎታል፣ አዋቂው ይናገርልኛል አላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ስልኩን አገላብጠው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መቆም ያውቃል?»

ይበልጣል ሳቀ። አያ ፈንታሁን አልሳቁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቱ ሞላና ጎረቤቱ ታከለ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሁለት ሰውና አንድ ስልክ፣ ሦስት ሆኑ። ልጁ ራሱ በሽምግልናው ቦታ መገኘት ነውር ስለሆነ፣ ይበልጣል ባጃጁን ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ አስጠግቶ ጆሮውን ለጠፈ።

ሞላ ስልኩን እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ያዘው። አዋቂው ጀመረ። እንዴት ያለ ንግግር! ስለ ትዳር፣ ስለ ሁለት ቤት አንድ መሆን፣ ስለ ዛፍና ስለ ጥላው እያለ አንዴም ሳይደነቃቀፍ አወረደው። የአስረበብ እናት እትዬ ጥሩሰው ከመጋረጃው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። ይበልጣል ከአጥሩ ውጭ የራሱን ጭን በጥፊ መታ፣ ደስታ ነው።

ሞላ ግን ክንዱ ዛለ። አጠገቡ አንዲት በርጩማ ነበረች፤ ምንም ሳያስብ ስልኩን እሷ ላይ አስቀመጠው።

ጋሽ እንዳላማው ፊታቸው ተለወጠ። «ሞላ፣ ሽማግሌህ ሳንመልስለት ተቀመጠ?»

«እግር የለውም እኮ ጋሼ።»

«እግር የሌለው ከደጄ ምን ይሠራል?»

ያም ሆኖ ንግግሩ ጥሟቸዋል፤ ወደ በርጩማዋ ጎንበስ አሉና ልጁን ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አዋቂው በአካል አላውቀውም፣ የነገረኝን ግን አውቃለሁ አለ። ነገ ልጄን ቢያስለቅሳት ስጠራህ ትመጣለህ ቢሉት፣ በማንኛውም ሰዓት ልረዳዎት ዝግጁ ነኝ፣ መምጣት ግን አልችልም አለ። ጋሽ እንዳላማው ጨዋታው ደስ እያላቸው መጣ።

«እሺ፣ አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትሰጠዋለህ?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ አዋቂው በዚያው በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለቱንም ጎን እንመልከት። የባጃጅ ገቢ ቋሚ አይደለም፣ አደጋም አለው። ስምንተኛ ክፍልን መድገሙንም ነግሮኛል። ሌላ አማራጭ ካለዎት ሳይቸኩሉ ቢያወዳድሩ ይመከራል።»

ይበልጣል ድንግጥ ብሎ ሲነሣ አናቱ ከባጃጁ ጣሪያ ጋር ተጋጨ። የገዛ ስልኩ! ቻርጅ ያደረገው፣ መስታወቱን በነጠላ የወለወለው! አዋቂው የጠየቀውን ሁሉ ነው የሚያገለግለው፤ የማን ወገን ሆኖ እንደመጣ ትዝም አላለው።

ጋሽ እንዳላማው እየሳቁ ተነሡ። ሽማግሌያችሁ ራሱ አወዳድር ብሎኛል፣ እንግዲህ የመጪውን እሁድ እንግዶች ሰምቼ እመልሳለሁ አሏቸው። ይሄ በወረታ ቋንቋ «ደህና ሁኑ» ማለት ነው።

ባጃጁ እንደዚያን ቀን ሮጦ አያውቅም። አያ ፈንታሁን ደጃፋቸው ላይ ፌጦ የተቀባ ጉልበታቸውን ፀሐይ እያሞቁ ነበር። ይበልጣል ወርዶ ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ቀስ በል፣ የሳምከው የሚያመኝን ነው» አሉ። «ደህናው በዚህ በኩል ነው።»

ደህናውንም ሳመና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ከዘራቸውን ፈለጉ። እንሂድ አላሉም፤ ባጃጁ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ጋሽ እንዳላማው ግቢ ሲደርሱ ሞላና ታከለ በሩ ላይ እንዳፈሩ ቆመው ነበር። አያ ፈንታሁን ሁለቱን መልሰው አስገቧቸውና ጠራራው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ይበልጣልም ወደ አጥሩ።

ንግግራቸው እንደ አዋቂው አያምርም። ሁለቴ አስላቸው፣ አንዴ የጀመሩትን ረሱት። ከዚያ ይበልጣል የፈራው መጣ።

«እንዳላማው፣ አህያህን አተላ አጠጥቶ ያሰከረው ይሄ ልጅ ነው።»

ይበልጣል የባጃጁን ቁልፍ ፈለገ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም።

«ባለጌ ነበር» አሉ አያ ፈንታሁን። «አሁን ዝናብ ሲጥል አሮጊቶቹን ከቤተ ክርስቲያን ቤት ለቤት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ አይቼዋለሁ። ልጅህን ካስለቀሳት እኔን ጥራኝ። በጭቃም እመጣለሁ፣ እዚሁ እቆማለሁ።»

ጋሽ እንዳላማው እንዲቀመጡ ጋበዟቸው። አልቀመጥም አሉ። በእመቤቴ ብለው ለመኑ። አሁንም አልቀመጥም አሉ። የሚያመው ጉልበታቸው እንደ ወፍጮ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሞላ ሊደግፋቸው ቢል በከዘራቸው ገፉት። ጋሽ እንዳላማው አንዴ ጉልበቱን፣ አንዴ ፀሐይዋን ያያሉ። ላቡ የወረደው ከቆመው ሳይሆን ከተቀመጠው ነበር።

እትዬ ጥሩሰው ወንበር ይዘው ከመጋረጃው ወጡ። «ልጅቷ እንደሆነች ከወደደችው ቆይታለች» አሉ ለባላቸው። «ባጃጁ ሁልጊዜ እኛ በር ላይ የሚበላሸው ለምን ይመስልሃል?»

ጋሽ እንዳላማው ዞር ሲሉ አስረበብ በመጋረጃው ቀዳዳ ስትስቅ አዩዋት። እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ፤ በአህያው ነገር ጠላ ጠማቂዋን ጎረቤታቸውን አሥራ ሁለት ዓመት በከንቱ ሲያኮርፉ መኖራቸው ትዝ ብሏቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በቃ አያ፣ ሰጥቻለሁ። ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ። ይበልጣል ከአጥሩ ጀርባ የባጃጁን ጥሩምባ ነፋ፣ እስኪበቃውም አላቆመም።

የሠርጉን መጥሪያ አዋቂው ጻፈው፣ አምሮ ወጣ፤ የሚችለውን ማን ይከለክለዋል? ጠላ ጠማቂዋም ተጠርታ ታርቃ ከፊት ተቀመጠች። በጭፈራው መሀል አያ ፈንታሁን ስልኩን ከይበልጣል ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉና ለሚያም ጉልበት ምን ይሻላል ብለው ጮክ ብለው ጠየቁት። አዋቂው በለሰለሰ ድምፁ፣ ከሁሉ በፊት ለረጅም ሰዓት መቆም ይተዉ አላቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጥሩሰው ስልኩን ወስደው ለአማቻቸው መለሱለትና፣ በሽማግሌው ጉልበት ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እሱ ምን ያውቃል አያ፤ አፍ ይለምናል፣ ጉልበት ይድራል።»