ቃሬዛ የማረኩት ዕጩ መኮንኖች

በአንድ ወቅት፣ ከእኛ መንደር ማዶ ባለው ሜዳ ላይ፣ መኮንን የሚሠራበት ትምህርት ቤት ነበር። መኮንን እንደ ጋቢ ይሠራል ወይ አትበሉኝ፤ ይሠራል። የገበሬውን ልጅ ባንድ በር ያስገቡታል፣ አራት ዓመት ሙሉ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ የጦር ስልትና የካርታ ንባብ ይግቱታል፣ በሌላው በር ሲወጣ እናቱን ሲያይ እንኳ ተረከዙን ያጋጫል።

ይህ ትምህርት ቤት አንድ ደንብ ነበረው። በመጨረሻው የመስክ ልምምድ ከሁሉም በልጦ መኮንን ሆኖ የተገኘው ተመራቂ የክብር ሰይፍ ይሸለማል፤ የተሸለመበትም ምክንያት በእንግዳው ሁሉ ፊት በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ሰይፉ ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። ግን ለሱ ሲባል ወንድም ከወንድሙ ይኳረፍ ነበር።

በዚያ ዓመት ለሰይፉ የታጩት ሦስት ነበሩ። ምንይችል በክፍሉ አንደኛ ነው፤ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይጨርሳል። ኦላኒ ድምፁ አስፈሪ ነው፤ ከዚህ ተራራ ሲያዝ ከዚያ ተራራ ያለ ዝንጀሮ ይሰለፋል። ሰመረ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነው፤ ጉንዳን ላለመርገጥ ብሎ ሰልፍ ያበላሻል።

የልምምዱ ቀን ምንይችል ካርታ አንባቢ፣ ኦላኒ አዛዥ፣ ሰመረ የኋላ ደጀን መሪ ሆኑ። ሥራቸው አንድ ተራራ ላይ ተደብቀው ጠላት ሆነው የሚጫወቱ ጓደኞቻቸውን አግኝቶ፣ እርሳስ በሌለው ጥይትና በጭስ ቦምብ ማጥቃት ነበር።

ምንይችል ኮምፓሱን ሲያነብ ጠመንጃው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ብረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚስብ ለሌላው ሲያስረዳ የኖረው ራሱ ነው። መርፌዋም ሰሜንን ትታ ጠመንጃውን ወደደች።

ሰመረ አየና ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ጠመንጃህን አውርድ እንጂ፤ መርፌዋን እያሳትካት ነው» አለው።

«ካርታ አንባቢው ማነው?»

«አንተ።»

«እንግዲያው ተራህን ጠብቅ።»

ሰመረ ወደ ኋላ ሰልፉ ተመለሰ። በዚያ ቤት ያለ ተራ መናገር ነውር ነበር። እናም ወደ ጠላት ተራራ መሄዱ ቀርቶ ወደኛው ተራራ መጡ።

ያን ቀን እኛ ባሻ ጓንጉልን እየቀበርን ነበር። ባሻ የድሮ ወታደር ነበሩ። በአገራችን ወግ ለእንዲህ ያለ ሰው ሲለቀስ ይፎከራል፣ ወደ ሰማይም ይተኮሳል። ቃሬዛቸው ዋርካው ሥር አርፎ፣ ባለቤታቸው እማማ አትጠገብ አጠገቡ ቆመው፣ ጎረምሳው ሁሉ ጥይት ያንጣጣ ነበር።

ኦላኒ ከታች ሆኖ ተኩሱን ሰማ። ዋይታውንም ሰማ።

«ይሄ ለቅሶ አይመስልም?» አለ ከኋላው አንዱ።

ኦላኒ ትንሽ አመነታ። «ጠላት እንደሚያታልል አልተማርክም?» አለና አዘዘ፤ «ወደፊት!»

ጭሱ ሲለቀቅ አገር ጠፋ። ፍትሐት ሊያደርሱ የመጡት ቄስ ጥምጥማቸው ሳይነቃነቅ አጥር ዘለሉ፤ አጥሩ እስከ ዛሬ ምን እንዳለፈው አያውቅም። «ጓንጉልን የነካ» ብሎ ፉከራ የጀመረው ሰውዬ ቀሪውን የጨረሰው ወንዝ ማዶ ነው። የሟች ዘመድ፣ ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ዳኛ ሳይቀር ሬሳ ጥሎ ፈረጠጠ።

ጭሱ ሲገፈፍ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ቃሬዛ ከበው፣ ጠመንጃ ደግነው ቆመዋል። ከመንደሩ ሰው የቀሩት እማማ አትጠገብ ብቻ ናቸው። የቃሬዛውን ጫፍ ይዘዋል።

«ልጆቼ» አሉ እማማ፣ «እሳቸው እኮ ሞተዋል።»

ማን ቀድሞ ጠመንጃውን ዝቅ እንዳደረገ አላውቅም። ብቻ አፈሙዙ ሁሉ ወደ መሬት ሆነ፣ ዓይኑም ተከተለ። አራት ዓመት አንገት ቀና ማድረግ የተማረ ልጅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ተራ ሳይጠብቁ ይገቡ ነበር።

ያኔ ሰመረ ከኋላ መጥቶ የእማማ እግር ሥር ተንበረከከ። «እናውቃለን እማማ። ባሻን ልንሸኝ ነው የመጣነው። ለወታደር ክብር እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«በጭስ?»

«በጭስ።»

እማማ አትጠገብ አተኩረው አዩት። የወታደር ሚስት ሆነው ያረጁ ሴት ናቸው፤ ይመኑት አይመኑት እኔ እንጃ። «ይበል» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። የሸሸው መንደርተኛም አንድ ባንድ እየተመለሰ ወሬውን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። «እኔማ አውቄያለሁ፤ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ነው» ያላለ የለም። ሰመረ ግን እስከ ሳልስት ከለቅሶው ድንኳን አልወጣም፤ ያለ ፈቃድ ቀርቶ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ከሐዘንተኛው ጋር አደረ።

ኦላኒ ደግሞ ያኔውኑ ቀበቶውን ፈታ፣ ጠመንጃውን ሣር ላይ አስቀመጠ፤ ይህ በነሱ ቤት ከባድ ጥፋት ነው። ከቃሬዛው ሥር ገብቶ፣ ትከሻ ሳይቀይር፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተሸከመ። መንገድ ላይ ልምምዱን የሚመሩት ሻለቃ በሬዲዮ «የት ነው ያላችሁት? ልምምዱን ቀጥሉ» ሲሉ ሬዲዮውን ዘጋው። ዋይታውን ሰምቶ እንዳዘዘ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰም፤ ያወራው ከኋላው የነበረው ልጅ ነው።

ምንይችል ትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከሰልፍ ወጥቶ ሻለቃው ፊት ቆመ። «ጠመንጃዬን ሳላወርድ ኮምፓስ አነበብኩ። ሰመረ ነግሮኝ ነበር፤ አፉን አስያዝኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።» በሳልስቱም እማማ አትጠገብ ቤት ሄዶ ይቅርታ ሊለምን ተነሣ። ከለቅሶው የተመለሰው ሰመረ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዘው።

«ተው፤ አንተ ሊቀልህ ነው፣ እሳቸው ላይ ሊከብድ።»

«በውሸት የተሸኘ ሬሳ ምን ክብር አለው?»

«አንተ ያዋረድከው ሬሳስ?»

ምንይችል መልሱን ሳያመጣ ጥያቄው አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ አሉ። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠ፤ አልሄደም፣ ሐሳቡንም አልቀየረም።

መምህራኑ ሰይፉ ለማን ይሁን በሚለው ሦስት ቦታ ተከፈሉ። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጭቀው፣ ድምፃቸው ሲዘጋ ፍርዱን ለትምህርት ቤቱ አዛዥ ለኮሎኔሉ ተዉት።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የመንደራችን ሰው ሁሉ ተጋበዘ፤ እማማ አትጠገብ ጥቁር ለብሰው፣ የባሻን ሜዳይ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ባለቤቴን የሸኙልኝ ልጆች የትኞቹ ናቸው?» እያሉ ጎረቤታቸውን ይጠይቃሉ። ሦስቱም ልጆች ሰልፉ ውስጥ ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ የጓጉ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስቱም እንዳይጠራ እየጸለዩ ነው።

ኮሎኔሉ ሰይፉን ይዘው ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመዋል። ለምንይችል ቢሰጡ፣ እማማ በሰው ሁሉ ፊት የባላቸው ሬሳ በስህተት እንደተማረከ ይሰማሉ። ለሰመረ ቢሰጡ፣ አራት ዓመት የሐሰት ሪፖርት አታቅርብ ሲል የኖረ ቤት ለውሸት ሰይፍ ሸለመ ማለት ነው። ለኦላኒ ቢሰጡ፣ ሲሸከም ያየው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ዋይታ በጆሮው እየገባ ወደፊት ያለውም እሱ ነው። ለማንም አይሰጥ የምትል ብልጥ ካለህም፣ ያልተሰጠበት ምክንያት በደንቡ መሠረት ይነበባል።

ኮሎኔሉ አንዴ ሰይፉን አዩ፣ አንዴ እማማ አትጠገብን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም አቀረቀሩ። እንግዲህ እናንተ ቀና ብላችሁ ፍረዱ፤ ሰይፉ የሚገባው ለማን ነው?