በመድኃኒት ጓሮው የተተከሉት ችካሎች

አንድ ገደል ሥር የተቀመጠ መንደር ነበረ። በመንደሩ ዳር፣ ወደ ወንዝ በሚወርደው መንገድ አጠገብ፣ የሁሉም የሆነ የመድኃኒት ጓሮ ነበረ። የሁሉም ስላችሁ የእውነት የሁሉም ነው፤ የቄሱም፣ የሸክላ ሠሪዋም፣ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛም ጭምር።

እንዴት የሁሉም ሆነ ብትሉኝ እንዲህ ነው። ያኔ መድኃኒት አዋቂ የሚባል ሰው ያወቀውን አይናገርም። ሥር ሲምስ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ቅጠሉንም የሚሰጣችሁ ምንነቱ እንዳይታወቅ አድቅቆ፣ ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ ነው። ልጁ ካልወረሰው እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። በዚያ መንደር ግን አንዲት አሮጊት አዋቂ ነበሩ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሲደክሙ ጊዜ፣ “ይህን ሁሉ ይዤ አፈር አልገባም” አሉ። የሚያውቁትን ሁሉ በየመደቡ ተከሉና መንደሩን ጠርተው፣ ይህ ለትል፣ ይህ ለቁስል፣ ይህ ለሳል እያሉ አሳዩ። “የቸገረው ይውሰድ። የተሻለ ያወቀ ደግሞ ይንገረን” አሉ። ሌላ ሕግ አላወጡም።

እሳቸው ካለፉም በኋላ ጓሮው አደገ። አንዱ ከቆላ ችግኝ ይዞ ይመጣል። ሌላዋ፣ “ይሄንኛው ሲወቀጥ አይሠራም፣ ተቀቅሎ ነው” ብላ ለሁሉም ታስተምራለች። በሩ ፍየል እንዳይገባ የምትጋደም አንዲት ግንድ ነበረች። ግንዷን ገፋ፣ ቅጠሉን ቀንጠስ፣ ግንዷን መለስ፣ በቃ። ማን እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሸፍና የገባች ሴት እንደተሸፈነች ትወጣለች።

የጓሮው ጠባቂ አያ መንበሩ ይባላል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በበጋ ከወንዝ ውኃ እየተሸከመ የሚያጠጣው እሱ ነው፤ ፍየል የሚያባርረውም እሱ። ደመወዝ የለው፣ ምን የለው። ጓሮውን እንደ ልጁ ይወደው ነበር፤ እሱና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውምና።

አንድ ቀን ከጎረቤት አገር አንድ ባለጸጋ መጣና ጓሮውን ዞሮ አየ።

“ስንት ሰው ይጠቀምበታል?” አለው።

“ብዙ ነዋ።”

“ብዙ ማለት እነማን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። የታመመ ይገባል፣ ይወስዳል።”

“ታዲያ አንተ የምትጠብቀው ምኑን ነው?” ብሎት ሄደ።

ይቺ ነገር አያ መንበሩን እንደ እሾህ ወጋችው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ያልታወቀ ሰው አንዱን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅሎ ወስዶት ነበረ። እንግዲህ ምክንያትም አገኘ ማለት ነው።

በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት በከብቶቹ ጆሮ ላይ የሚቆርጠው የየራሱ ምልክት አለው። የማን ከብት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይነግራችኋል። አያ መንበሩም በሰንበት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ተነሣና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ከጓሮው የሚወስድ ሰው የቤቱን ምልክት የቀረጸበት ችካል ይዞ ይምጣ። ቅጠሉን ከቆረጠበት መደብ ላይ ችካሉን ተክሎ ይሂድ። ችካል የሌለው ቅጠል የለውም” አለ።

ፈንቴ የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ፣ “አያ፣ ምልክቱ ለበሬ ነው እንጂ ለቅጠል ምን ይሠራል? ቅጠሏ እንደሁ ጆሮ የላት” አለው። ሰው ሳቀ።

አያ መንበሩ አልሳቀም። “ማን እንደተጠቀመ እንድናውቅ ነው። ለበጎ ነው። ደግሞስ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?” አለ።

ከዚህ ወዲያ ሰው ሁሉ ችካሉን ሊቀርጽ ወደየቤቱ ገባ። ምን ይበሉ? እፈራለሁ ያለ ሰው እኮ የምደብቀው አለኝ ማለቱ ነው። እናንተም ስልካችሁ መጀመሪያ አካውንት ክፈት፣ ስምህን ስጥ ሲላችሁ ዝም ብላችሁ የምትሰጡት እንዲሁ ነው።

ችካሉ ተተከለ። መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ነበር፤ ወንዶቹ የማን ችካል አማረ እያሉ ይፎካከሩ ነበር። ቆይቶ ግን ወንዝ የሚወርደው ሁሉ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆም ማለት ጀመረ። ቅጠል ሊወስድ አይደለም፤ ችካል ሊያይ ነው። ከኮሶው ሥር የፈንቴ ችካል ታየ። ከዚያ በኋላ ድግስ በተጠራ ቁጥር፣ “ለፈንቴ ጥሬ ሥጋ ጨምሩለት፣ የሚያበላው ሌላ ሰው አለው” ይሉታል። እሱ ይስቃል። ሚስቱ ግን ትሪውን አስቀምጣ ትወጣ ነበር። አንዲት ሙሽራም ነበረች፤ ማኅፀኗን እንደሚያማት ለባሏ እንኳ ሳትነግረው አማቷ ከችካሉ አነበቡት። እንዲህ እንዲህ እያለ ጓሮው የመንደሩ ወሬ ማንበቢያ ሆነ። ችግኝ የሚያመጣ ሰውም እየቀነሰ ሄደ።

በመንደሩ አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያምሮት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ያምሮት የሚጥል በሽታ ነበረባት። ዛሬ ሐኪሙ በሽታ ነው ይላል፤ ያኔ ግን የሚጥል ያለበትን ሰው አብሮት ውኃ የሚቀዳ የለም፣ በአንድ ዋንጫ የሚጠጣ የለም፣ ልጅቷንም የሚያጭ የለም። አትጠገብ ይህን ለማንም ሳትናገር፣ ነጠላዋን ተከናንባ እየገባች የሚያስታግሰውን ቅጠል ትወስድ ነበር። ልጅቷም መውደቁን ትታ፣ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት ነበር። አሁን ያ መደብ ላይ የአትጠገብ ችካል ከተተከለ የያምሮት ነገር አበቃ።

ቤት ያለው ቅጠል ሲያልቅ ወደ ጓሮው በር መጣች። ሌሎች ሰዎችም ተራ ይጠብቁ ነበር።

“አያ፣ የዛሬን ያለ ችካል አሳልፈኝ” አለችው።

“ሕግ ነው፣ አትጠገብ።”

“ለአንተ ለብቻህ ብነግርህስ? በጆሮህ።”

“ለአንቺ ከፈቀድኩ ለሌላው ምን ልል ነው?” አለና፣ እንግዲህ ሰው እየሰማ ነው፣ “ለመሆኑ የምትደብቂው ምንድን ነው? ንጹሕ ሰው እንዲህ አይለማመጥም” አላት።

ከወረፋው አንዲቷ ሳቋን ለመዋጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አትጠገብ ባዶ እጇን ዞራ ሄደች።

ልጅቷም ቅጠሉን አጣች። በዚያው ሰሞን እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ ጣላት። እጇ ከፍሙ ላይ አረፈ። እናትየው ከደጅ ሮጣ እስክትደርስ ጣቶቿ ተኮማትረው ነበር። አይ ልጆቼ፣ ይህን ስናገር እኔን ያመኛል።

አሁን ወደ አያ መንበሩ እንመለስ። ሰው እርጅና ሲጫነው አካሉ አይታዘዘውም አይደል? አያ መንበሩም በመኝታው ሽንቱን መቋጠር አቃተው። ሚስቱ ቁርበቱን ሰው ሳያይ ታጥባለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለዚህ የሚሆነው ቅጠል ጓሮው ውስጥ አለ። ሰው የሚወስደው ለሕፃናት ነው። አያ መንበሩ ደግሞ ቤቱ ሕፃን የለም። ችካሉን እዚያ ቢተክል መኝታው ላይ የሚሸናው ማን እንደሆነ መንደሩ በዓይኑ ያነባል። አሰበ፣ አሰበና፣ ሰው ሁሉ ገበያ የወጣ ቀን ብቻውን ገባ። ቅጠሉን ቆረጠ። ችካል አልተከለም። ጋቢው ውስጥ ወሸቀና ቀና ሲል አትጠገብ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ለልጇ ቃጠሎ እሬት ልትቆርጥ፣ ችካሏን ይዛ ነው የመጣችው። ቃጠሎ አያሳፍርም፤ ለዚህ ችካል መትከል ትችላለች።

“አረም... አረም እየነቀልኩ ነው” አለ።

እሷ ቅጠሉን አየችው። የቆመበትን መደብም አየችው። ሁሉም ገባት። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብትናገር አያ መንበሩ ከሰው ተራ ይወጣ ነበር። ያዋረዳትን ማዋረድ በእጇ ነበር።

“አያ፣ ጫፉ ይታያል። ጋቢህን ወደዚህ ሳብ አድርገው” አለችው።

ወዲያው እነፈንቴ ከገበያ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አለፉ። ፈንቴ ጠባቂው ከመደቡ መሐል መቆሙን አየና፣ “አያ መንበሩ፣ በየትኛው ችካል ገብተህ ነው?” ብሎ ቀለደ። አትጠገብ ፈጠን ብላ፣ “እኔ ነኝ ያስገባሁት። ልጄ እጇን ተቃጥላ እሬቱን ያሳየኝ ብዬው ነው” አለች። እነሱም፣ “እግዜር ይማራት” ብለው አለፉ።

ሰዎቹ ከራቁ በኋላ አያ መንበሩ ዓይኗን ማየት አቃተው። “ልጅቷ ምን ሆና ተቃጠለች?” አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

“የሚጥል አለባት። ያን ቀን የከለከልከኝ ቅጠል የእሷ ነበር።”

አያ መንበሩ እንደምንም ወደዚያ መደብ ሄዶ ቅጠሉን በገዛ እጁ ቆረጠና ሰጣት። እሷም ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። አያ መንበሩ የራሱን በጋቢው እንደያዘ ነው። ሁለት ሰዎች፣ የሁሉም በሆነ ጓሮ መሐል፣ እንደ ሌባ ቅጠል ደብቀው ቆሙ። ይህን ያመጣው ደግሞ እሱ ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንደገና ተነሣ። የአትጠገብን ነገር አላነሣም። “እኔ ራሴ ያለ ችካል ወስጃለሁ” አለ።

“የቱን ቅጠል?” አለ ፈንቴ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

አያ መንበሩ “አልነግርህም” አለ። “አየህ፣ አንድ ጊዜ ስጠየቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እናንተን ግን በየዕለቱ እዚያ በር ላይ ስጠይቅ አላፈርኩም።”

ፈንቴ፣ “አይ እንግዲህ፣ የእኔ ኮሶ ጎረቤት አገር ድረስ ተሰምቷል” አለ። ሊያስቅ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ሁሉም የሚስቱን ፊት እያየ ነበር። ያን ዕለት ሰዎቹ ችካሎቹን ነቅለው፣ ፍየል የሚሾልክበትን የአጥሩን ቀዳዳ አጠሩበት። አያ መንበሩም ከዚያ ወዲህ ጓሮውን የጠበቀው ጀርባውን ወደ ጓሮው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነው። ፍየል ሲመጣ ያያል። ማን ከየቱ መደብ እንደቆረጠ አያይም።

ግን አትሳሳቱ፣ ሁሉም ነገር አልተመለሰም። ፈንቴን እስኪሞት ባለ ኮሶው አሉት። ሙሽራዪቱ በአማቷ ወሬ የተነሣ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ ነበር፤ በዚያው ቀረች። ችካሉን የነቀለ ሰው፣ ያዩትን ሰዎች ዓይን ምን ያደርገዋል? ያምሮትም አደገች። በጓሮው ባለፈች ቁጥር ያችን የተኮማተረች እጇን አንሥታ፣ “እንዴት አደርክ አያ?” ትለዋለች። ቅጠሉን ማን እንደከለከላት አታውቅም፤ እናቷ አልነገረቻትም። አያ መንበሩ ሰላምታዋን አቀርቅሮ ይመልሳል። እስኪሞት ድረስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ግን አስረድታኛለች። በስልክና በኮምፒውተር ደጋግ ባለሙያዎች ሠርተው፣ አሠራሩን እንኳ ሳይደብቁ፣ ማንም ይውሰደው፣ ያሻው ያሻሽለው ብለው በነፃ የለቀቁት ፕሮግራም የሚባል ነገር አለ አሉ። እሱ በሚወርድበት የስልክ መደብር በር ላይ ግን፣ አካውንት ካልከፈትክ፣ ስምህንና ስልክህን ካልሰጠህ አትወስድም የሚል ጠባቂ እየቆመ ነው አሉ። ጠባቂው ላይከፋ ይችላል። ስንት ሰው እንደሚጠቀም ማወቅ ፈልጎ ይሆናል፤ ሌባም ፈርቶ ይሆናል። ነገር ግን ሰው የሚወስደው ነገር ምን እንደጎደለው ይናገራል። አንዷ የስኳር በሽታዋን የምትከታተልበትን ታወርዳለች፣ አንዱ መጠጥ ለመተው የሚረዳውን፣ አንዷ ከሚደበድባት ባሏ ተደብቃ የምትጽፍበትን። ስማቸው ከወሰዱት ነገር አጠገብ ከተተከለ፣ ነገ ማን በአጥሩ በኩል እንደሚያልፍ በሩ ላይ የቆመው ሰው ራሱ አያውቅም። የሁሉም ብለን የሰጠነውን ሰው ሳያፍር እንዲወስደው ካላደረግን፣ ከቶም አልሰጠነውም።

እስቲ እናንተ በር ላይ የቆማችሁ፣ ሰውን ስሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ለራሳችሁ መልሱ፦ እናንተ ሳትነግሩ ልትወስዱት የምትፈልጉት ቅጠል የቱ ነው?